ስለ ምግብ የጻፈው የሰበር ዳኛ

እንደምን አመሻችሁ። እራት ሳትበሉ እንዳልመጣችሁ ተስፋ አደርጋለሁ። ዛሬ የምናወራው ስለ መብላት ነውና የራበው ሰው ይቸገራል።

«የምትበላውን ንገረኝ፣ ምን እንደሆንክ እነግርሃለሁ።» ይህቺን አባባል ያልሰማ ሰው እዚህ ያለ አይመስለኝም። ምግብ ቤት ግድግዳ ላይ ትለጠፋለች። ዩቲዩብ ላይ ምግብ የሚያሠሩ ልጆች ይጠቅሷታል። «አይረን ሼፍ» የሚባለው የጃፓን የማብሰል ውድድርም የሚከፈተው በእሷ ነበር። ማን ነው ያላት ብላችሁ ብትጠይቁ ግን ብዙው ሰው «የሆነ ፈረንሳዊ» ብሎ ያልፋችኋል።

ፈረንሳዊው ዣን አንቴልም ብሪያ ሳቫራን ይባላል። ሼፍ አልነበረም። ምግብ ቤትም አልነበረውም። ዳኛ ነበር፤ ያውም የሰበር ሰሚ ችሎት ዳኛ። በስሙ የሚጠራ አይብ አለ፤ እሱ ግን አልቀመሰውም፤ ስሙ የተሰጠው ከሞተ ከመቶ ዓመት በኋላ ነው። በስሙ የሚጠራ በሽሮፕ የራሰ ኬክም አለ፤ እሱም የወጣው ከሞቱ በኋላ ነው። የራሱ የሆነው አንድ መጽሐፍ ነው፤ «የጣዕም ፊዚዮሎጂ»። መጽሐፉ ከወጣ ሁለት መቶ ዓመት ገደማ ሆነው፤ እስካሁን ከገበያ አልጠፋም።

እኔ የምለው ይህን ነው። ያቺ ጥቅስ ሰውየውን በልታዋለች። ብሪያ ሳቫራን ፈላስፋ ተብሎ ይጠቀሳል፤ ሳይንቲስትም መሆን ያምረው ነበር። በእኔ ግምት ግን ሁለቱንም አልነበረም። እሱ ጨዋታ አዋቂ ነው። ለሥነ ጽሑፍ የተወልንም ያንን ነው፤ የማዕድ ዙሪያ ጨዋታን ወስዶ ከድርሰት ተራ ማስገባቱን።

ሕይወቱን ቶሎ ቶሎ ልበል። ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው። በ1755 ቤሌ በምትባል፣ ወደ አልፕስ ተራሮች በተጠጋች የምሥራቅ ፈረንሳይ ከተማ ተወለደ። ቤተሰቡ የሕግ ሰዎች ናቸው። እሱም ዲዦን ሄዶ ሕግ ተማረ፤ እግረ መንገዱን ኬሚስትሪና ሕክምና ቀማመሰ። በ1789 የፈረንሳይ አብዮት ሲፈነዳ የአገሩን ሕዝብ ወክሎ ወደ ጉባኤው ሄደ። እዚያም የሞት ቅጣት እንዳይሻር ተከራከረ። ከዚያ ተመልሶ የከተማው ከንቲባ ሆነ። ብዙም ሳይቆይ አብዮተኞቹ ጠላት ያሉትን ሁሉ የሚገድሉበት የሽብሩ ዘመን መጣና እንዳይሻር የተከራከረለት ቅጣት ወደ ራሱ አንገት ዞረ።

በዚያ ዘመን የሆነውን በመጽሐፉ ሲነግረን እንዲህ ነው። «ደስታ» የሚባል ፈረሱ ላይ ተቀምጦ ዶል ወደምትባል ከተማ ይሄዳል። የሚሄደው የአብዮቱ ተወካይ የይለፍ ወረቀት እንዲሰጠው ለመለመን ነው። ወረቀቱን ካላገኘ እስር ቤት፣ ከዚያም ጊሎቲን የሚባለው አንገት መቁረጫ ይጠብቀዋል። መንገድ ላይ አንድ እንግዳ ማረፊያ ይገባል። ምድጃው ዘንድ ሲደርስ ድርጭቶች በእሳት ላይ እየተሽከረከሩ ያያል። ተይዘዋል፣ ለሌሎች እንግዶች ናቸው ይሉታል። ቀረብ ብሎ ይጫወታል፣ ከእንግዶቹ ጋር ይቀመጣል፣ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ይዘፍናል። ዶል ሲደርስ ተወካዩ ፊቱን አጥቁሮ ይቀበለዋል። የተወካዩ ሚስት ግን ሙዚቃ ትወዳለች። ምሽቱን አብረው ሲዘፍኑ ያመሻሉ። መጨረሻ ላይ እመቤቲቱ፣ እንዳንተ ጥበብን የሚወድ ሰው አገሩን አይከዳም አለችው። በማግስቱ ወረቀቱ ተፈረመ። እሱም አንገቱን ቀና አድርጎ ወደ ቤቱ ተመለሰ፤ ለሙዚቃ ምስጋና ይግባትና ወደ ሰማይ የማርግበት ቀን ለብዙ ዓመት ተራዘመ ይለናል።

እንግዲህ ልብ በሉ። ሰውየው ሊሞት ነው የሚሄደው። ገጹን የሚሞሉት ግን ድርጭቶቹ ናቸው። እንዲህ ዓይነት ሰው ነው።

ወረቀቱ ብዙም አላቆየውም። ወደ ስዊዘርላንድ ሸሸ፣ ከዚያ በሆላንድ አድርጎ አሜሪካ ገባ። ኒው ዮርክ ውስጥ ፈረንሳይኛ እያስተማረ፣ በቲያትር ቤት ኦርኬስትራ ቫዮሊን እየተጫወተ ኖረ። ከንቲባና የሕግ ሰው የነበረ መሆኑን አትርሱ። ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ ሲነዱ የኖሩ የእኛ ባለሥልጣናትና ዳኞች የዚህን ሰው ነገር ለመረዳት ማብራሪያ አያሻቸውም። የሚገርመው ግን ስለ ስደቱ አንድም እሮሮ አልጻፈም። አሜሪካን ሲያነሳ የሚያነሳው ቱርክ ዶሮውን ነው።

ይህን ታሪክ ዘርዘር አድርጌ ልንገራችሁ፤ ሙያው ያለው እዚህ ላይ ስለሆነ። ጊዜው ጥቅምት 1794 ነው፤ ቦታው ኮኔቲከት፣ ሃርትፎርድ አካባቢ። ጫካ ዳር የሚኖር አንድ ሽማግሌ ገበሬ ለአደን ጋብዞታል። ብሪያ ሳቫራን ቆቅ ይመታል፣ ግራጫ ሽኮኮዎች ይመታል፤ በመጨረሻም ከመንጋ የቀረ አንድ የዱር ቱርክ ዶሮ ይጥላል። የመመለሻው ቀን ሲደርስ ሽማግሌው ለብቻው ወስዶ ንግግር ያደርግለታል። በምድር ላይ ደስተኛ ሰው ካለ ያየኸው እኔን ነው ይለዋል። የምለብሰው ልብስ ከበጎቼ የተገኘ ነው፣ ካልሲዬን ልጆቼ ናቸው የሠሩት፣ የምበላው ከእርሻዬ ነው፣ ግብሩ እዚህ ግባ አይባልም፣ በሬን ሳልቆልፍ እተኛለሁ። የነፃነት ስብከት ነው፤ በሚገባ ተጽፏል።

ከዚያ ብሪያ ሳቫራን ፈረሱ ላይ ወጥቶ በሐሳብ ተውጦ ይሄዳል። አንባቢው ምን ይጠብቃል? ከአብዮት የሸሸ ሰው ነው፣ ስለ ነፃነት ይህን የመሰለ ነገር ሰምቷል። ስለ አገሩ እያሰበ መሆን አለበት እንላለን። ቀጣዩ ዓረፍተ ነገር ላይ ግን ምስጢሩን ያወጣዋል። ሲያስብ የነበረው ቱርክ ዶሮውን እንዴት አድርጎ እንደሚያበስለው ነው። ሃርትፎርድ ውስጥ የሚያስፈልገውን ሁሉ አላገኝ ይሆን ብሎ ተጨንቋል።

እኔ እዚህ ጋ ስደርስ ሁልጊዜ እስቃለሁ። ግን ቀልድ ብቻ አይደለም። ጸሐፊው ያንን የነፃነት ንግግር አልሰረዘውም። ሙሉውን አስቀምጦታል፤ እንደሰማውም እናውቃለን። ከጎኑ ደግሞ ሆዱን አስቀመጠ። ከእሱ በፊት የነበረ ቁም ነገረኛ ጸሐፊ አንደኛውን ይደብቅ ነበር። እሱ ሁለቱን በእኩል ድምፅ አወራቸው። ሽኮኮዎቹንም በማዴራ ወይን አብስሎ እንዳቀረባቸው ሳይነግረን አላለፈም።

በ1796 ግድም ወደ አገሩ ተመለሰ። ከ1800 ጀምሮ እስኪሞት ድረስ ፓሪስ ውስጥ የሰበር ዳኛ ነበር። መንግሥት ሲቀያየር፣ ናፖሊዮን ሲመጣና ሲሄድ፣ ንጉሥ ሲመለስ፣ እሱ ወንበሩ ላይ ነው። በትርፍ ጊዜው ጻፈ። መጽሐፉ በታኅሣሥ 1825 ወጣ፤ ሽፋኑ ላይ ግን 1826 ይላል። ስሙን አላወጣም፤ ደራሲው «አንድ ፕሮፌሰር» ነው። ለከባድ ዳኛ ስለ ጥብስ መጻፍ ያሳፍር ነበር መሰለኝ። በጥር ወር አብዮቱ ለገደለው ንጉሥ ለሉዊ 16ኛ መታሰቢያ በተደረገ የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ላይ ብርድ መታው፤ የካቲት 2 ቀን 1826 በሳንባ ምች ሞተ። መጽሐፉን ታትሞ ያየው ሁለት ወር ብቻ ነው።

ስለ ምግብ በመጻፍ የመጀመሪያው እሱ አይደለም። ከእሱ በፊት ግሪሞ ዴ ላ ሬኒዬር የሚባል ሌላ የሕግ ሰው ነበር። ከ1803 እስከ 1812 «የሆዳሞች አልማናክ» የሚባል ዓመታዊ መጽሐፍ ያሳትም ነበር፤ ሱቆችንና ምግብ ቤቶችን ይመዝናል፣ ቀማሾችን ሰብስቦ ያስፈርዳል። ዛሬ ኮከብ እየሰጡ ምግብ ቤት የሚገመግሙት ሁሉ የእሱ ልጆች ናቸው። ጊዜውም አመቺ ነበር። ከአብዮቱ በኋላ ፓሪስ በምግብ ቤቶች ተሞላች። ድሮ መኳንንት ቤት ብቻ የነበረውን ገበታ አሁን ገንዘብ ያለው ሁሉ ተቀምጦ ያዘዋል። እንዴት እንደሚታዘዝ፣ እንዴት እንደሚበላ የማያውቅ አዲስ ባለገንዘብ ደግሞ መምህር ይፈልጋል።

ብሪያ ሳቫራን ያንን መምህር ሆኖ መጣ፤ ግን እየቀለደ። መጽሐፉ ሠላሳ «ማሰላሰያዎች» አሉት። ስለ ስሜት ሕዋሳት፣ ስለ ጥማት፣ ስለ እንቅልፍ፣ ስለ ሕልም፣ ስለ ውፍረት፣ ስለ ሞት ይናገራል። የግሪኮቹ ዘጠኝ የጥበብ አማልክት አልበቁ ብለውት፣ ጋስቴሪያ የምትባል አሥረኛ ጨምሯል፤ የጣዕም አምላክ። ሳይንሱ በአብዛኛው አርጅቷል። ስለ ውፍረት ያለው ግን ዛሬም ይጠቀሳል፤ የሚያወፍረው ዳቦው፣ ሩዙና ድንቹ ነው ብሎ ነበር፤ ዳቦ የተዉ ጓደኞቻችን እንደ ነቢይ ያዩታል።

ስለ ጾም የጻፈው ምዕራፍ ለእኛ ልብ ቅርብ ነው። በልጅነቱ ሰው ሁዳዴን እንዴት ይጾም እንደነበር ይተርካል። ሥርዓት አጥባቂ ቤት ውስጥ የማታው ገበታ ላይ ቅቤ የለም፣ እንቁላል የለም፣ ነፍስ ከነበረው ነገር ምንም አይቀርብም። ይህን የሚያነብ ኢትዮጵያዊ «ታዲያ ምን አዲስ ነገር አለው?» ይላል። ለፓሪስ አንባቢ ግን በ1825 እንኳ የጥንት ተረት ሆኗል። ከዚያ ፋሲካ ይመጣል። ሁለት ታላላቅ አጎቶቹ፣ ጨዋና ኮስታራ ሰዎች ናቸው፤ በፋሲካ ቀን ካም ሲቆረጥ ሲያዩ በደስታ ራሳቸውን ሊስቱ ይደርሱ ነበር ይላል። እኛ የተበላሸነው ትውልድ እንዲህ ያለ ኃይለኛ ስሜት አንችልም ብሎ ያዝናል። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዶሮ ወጥ የጠበቀ ሰው አጎቶቹን ያውቃቸዋል። ደስታ የሚመጣው ከመከልከል ነው የሚለው ሐሳቡ እዚህ አለ፤ እኔ ግን ሐሳቡን የማስታውሰው በአጎቶቹ በኩል ነው።

ቡናውስ? ቡናው ላይ ትንሽ ቅሬታ አለኝ። የመጀመሪያው የቡና ዛፍ የተገኘው ዓረቢያ ነው ይላል። በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ጫካ ውስጥ ቡና በዱር እንደሚበቅል አያውቅም፤ በዘመኑ ፓሪስ ላይ ብዙ ሰው አያውቅም። የእረኛውን ታሪክ ግን ሰምቷል። መንጋው ፍሬውን በበላ ቁጥር ሲፈነጥዝ ያየውን እረኛ ይጠቅሰዋል። ካልዲ ብሎ አይጠራውም እንጂ የእኛው ሰው ነው።

ይቅርታ የማደርግለት በሚቀጥለው ገጽ ነው። ቱርኮች ቡናን በወፍጮ አይፈጩም፣ በሙቀጫ ይወቅጡታል። የትኛው ይሻላል? ዳኛው ክርክሩን በማስረጃ ለመወሰን ተነሳ። አንድ ፓውንድ ጥሩ የሞካ ቡና ቆላ። እኩል ለሁለት ከፈለው። ግማሹን አስፈጨ፣ ግማሹን አስወቀጠ። ከሁለቱም እኩል መዝኖ፣ እኩል የፈላ ውኃ አፍስሶ አፈላ። ራሱ ቀመሰ፤ አሉ የተባሉ ቀማሾችንም ጠርቶ አስቀመሰ። ፍርዱ በሙሉ ድምፅ ተሰጠ፤ የተወቀጠው ይበልጣል። ያን ጊዜ እናቶቻችን ሙቀጫና ዘነዘና ይዘው ያውቁት የነበረውን ነገር ፓሪስ በሰበር ችሎት አጸናችው ማለት ነው።

በዚህ አላበቃም። በከፍተኛ ግፊት በሚሠራ ጀበና መሰል ዕቃም ሞክሯል፤ የወጣው ቡና የኮሳክ፣ ማለትም የሩሲያ ፈረሰኛ ወታደር ጉሮሮ ለመፋቅ ካልሆነ ለምንም አይሆንም አለ። ዛሬ ኤስፕሬሶ ቢቀምስ ምን ይል ይሆን እያልኩ አስባለሁ። በአንድ ወቅት ደግሞ የፍትሕ ሚኒስትሩ ለነገ የሚደርስ ሥራ አዘዘው። ሌሊቱን ሊሠራ ሁለት ትልልቅ ሲኒ ጠንካራ ቡና ጠጣ። ቤቱ ሲገባ የሚሠራባቸው ወረቀቶች አልመጡም፤ ነገ ይመጣሉ የሚል ደብዳቤ ብቻ ነው ያገኘው። ወረቀት የለም፣ እንቅልፍም የለም። አርባ ሰዓት ያህል ዓይኑን ሳይከድን ቆየ። ቢሮ ውስጥ የሠራ ሰው ሁሉ ይህ ደርሶበታል።

አሁን ወደ ጥቅሷ ልመለስ፤ ምክንያቱም እንደምንሰማት አይደለችም። ዛሬ «የምትበላውን ነህ» ብለን የጤና ምክር አድርገናታል። ሰላጣ ብላ፣ ሰላጣ ትሆናለህ ዓይነት ነገር። ዳኛው ግን የሚያወራው ስለ ጤና አይመስለኝም። በመጽሐፉ መካከል «መፈተኛዎች» የሚላቸው አሉ። በዓመት አምስት ሺህ ፍራንክ ገቢ ላለው እንግዳ ይህን አቅርቡ፣ አሥራ አምስት ሺህ ላለው ይህን፣ ሠላሳ ሺህና ከዚያ በላይ ላለው ይህን እያለ የምግብ ዝርዝር ያወጣል። ለመጀመሪያው ቼስትነት በሚባል ለውዝ መሰል ፍሬ የተሞላ ቱርክ ዶሮ ይበቃዋል። ሳህኑ ሲገባ የእንግዳውን ፊት ተመልከቱ፤ ዓይኑ ካልበራ የሚጎድለው ነገር አለ። እየቀለደ ነው፤ ቀልዱ ግን ይነክሳል። ምን እንደሆንክ እነግርሃለሁ ሲል፣ ኪስህን አውቀዋለሁ ማለቱም ነው። አብዮት እኩል ናችሁ ባለበት አገር፣ ገበታው እኩል አለመሆናቸውን ያጋልጣል።

ከሞተ በኋላ የሆነው ሌላ ታሪክ ነው። ወጣቱ ልብ ወለድ ደራሲ ባልዛክ መጽሐፉን አነበበ፤ በ1829 «የጋብቻ ፊዚዮሎጂ» ብሎ የራሱን አወጣ። ከዚያ በኋላ ፋሽን ሆነ። በ1840ዎቹ ፓሪስ ውስጥ የማይጻፍ «ፊዚዮሎጂ» አልነበረም። በ1839 ደግሞ ባልዛክ ስለ ቡና፣ ሻይ፣ ስኳር፣ ትምባሆና አልኮል የጻፈው ድርሰት በራሱ በብሪያ ሳቫራን መጽሐፍ ጀርባ ታትሟል። ቡናን እንደ ባልዛክ የጠጣም ስለ ቡና እንደ ባልዛክ የጻፈም የለም፤ በሩን የከፈተለት ግን ዳኛው ነው።

ጠላትም አላጣም። ታላቁ የፓሪስ ወጥ ሠሪ ካሬም ንቆታል፤ መብላት የማያውቅ፣ ሆዱን ሞልቶ የሚያንቀላፋ ሰው ነው ብሏል። የባለሙያ ቅናት ይኖርበታል። ባለቅኔው ቦድሌር ይብሳል። በ1851 ስለ ወይን ሲጽፍ ብሪያ ሳቫራንን ዝነኛ ግን ትልቅ ሞኝ ብሎ ጀመረ። ምክንያቱም ዳኛው ስለ ወይን የጻፈው፣ ኖኅ እንደፈጠረውና ከወይን ፍሬ እንደሚሠራ ብቻ ነው። «ከዚያስ?» አለ ቦድሌር፤ ከዚያ ምንም የለም። እውነቱን ነው። ብሪያ ሳቫራን ስካርን አይገባውም። የሚጠጣውን ሰው ብቸኝነት አያየውም። የእሱ ዓለም አራት ሰው ከተቀመጠበት ጠረጴዛ ይጀምራል። ጎደሎው ይህ ነው፤ ቦድሌር አገኘበት።

ሃያኛው ክፍለ ዘመን ግን መልሶ ወደደው። በ1949 አሜሪካዊቷ ኤም ኤፍ ኬ ፊሸር ወደ እንግሊዝኛ መለሰችው፤ ከጽሑፉ ጋር እየተጨዋወተች፣ አንዳንዴም እየተሟገተች ማስታወሻ ጨመረችበት። በ1975 ሮላን ባርት መቅድም ጻፈለት። ከአንድ ተርጓሚና ከአንድ የሥነ ጽሑፍ ቲዎሪ ሰው ይህን ያህል ክብር ያገኘ የምግብ መጽሐፍ ብዙ አላውቅም። ዛሬ ስለ አያቱ ወጥ እየጻፈ ስለ ስደት የሚነግረን ጸሐፊ ሁሉ፣ ቢያውቀውም ባያውቀውም፣ በዚህ መንገድ ነው የሚሄደው።

መጽሐፉን የምታገኙ ሰዎች፣ ከፊት አትጀምሩት። ፊቱ ላይ ሃያ አባባሎች ተደርድረዋል፤ እዚያው ይቆዩ። አይብ የሌለበት የገበታ መዝጊያ አንድ ዓይን እንደጎደላት ቆንጆ ነው የሚለውም እዚያ ነው፤ ለአይቡም ለሴቲቱም አይመጥንም። ስለ ሴቶች መልክ የሚሰብክባቸውን ገጾች ብትዘሉ አልቀየማችሁም። መጀመሪያ መጨረሻው ላይ ያሉትን አጫጭር ታሪኮች አንብቡ። ቱርቦ የሚባል ግዙፍ ጠፍጣፋ ዓሣ ለመብሰል ድስት የጠፋበት ቤት አለ። ባልየው መቁረጫ ይዞ ቆሟል፣ ሚስትየዋ አታዋርደው ትላለች። ብሪያ ሳቫራን ከምድር ቤት እስከ ጣሪያ ቤቱን ዞሮ የልብስ ማጠቢያውን ጋን ያገኛል። ከጠርሙስ ቅርጫት ርብራብ ያሠራል፣ ሽንኩርትና ቅጠላ ቅጠል ያነጥፋል፣ ዓሣውን ያስተኛበታል፣ ገንዳ ይደፋበታል፣ እንፋሎቱ እንዳይወጣ ዙሪያውን በአሸዋ ይደፍናል። በግማሽ ሰዓት ዓሣው በሰለ።

ከዚያ ሰባተኛውን ማሰላሰያ፣ ስለ መጥበስ የሚለውን ክፈቱ። ዳኛው ወጥ ሠሪውን ጠርቶ አቁሞታል። ባለፈው ያቀረበው ዓሣ ገርጥቶ፣ ልፍስፍስ ብሎ ነበርና ስለ ትኩስ ዘይት ፊዚክስ ያስተምረዋል። ከእንግዶቹ አንዱ የፍርድ ቤት ፕሬዝዳንት ነበር፤ ዓሣው እንደዚያ መሆኑን እንደ አገራዊ መዓት ቆጥሮ አዝኗል ይለናል።

ጥያቄ ያለው እጁን ያውጣ።